መዳብ ስንት ኒውትሮን አለው? 34 ወይስ 35? ቤታችን ጠብ ገብቷል

የጦሳ_ጥላ (ደሴ) · ሐሙስ ማታ 2፡15

ሰላም ጀመዓ። ሸዋ በር አካባቢ ትንሽ ፎቶኮፒ ቤት አለችኝ። ኬሚስትሪ ከተውኩ አሥራ ምናምን ዓመት ሆኖኛል፣ ስለዚህ ስትመልሱልኝ ቀስ በሉ።

ታናሽ እህቴ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ዛሬ የታረመ ወርክሺቷን ይዛ ሱቅ መጣች፣ ፊቷ ጠቁሯል። ጥያቄው አጭር ነው። «በአንድ የመዳብ አቶም ውስጥ ስንት ፕሮቶን፣ ስንት ኒውትሮን እና ስንት ኤሌክትሮን አለ?» ይላል። እሷ 29፣ 34፣ 29 ብላ ጽፋለች። መምህሩ 34ቷን በቀይ ሰርዘው 35 አድርገውባታል። እሷ «ልክ ነኝ» ብላ ሙጭጭ አለች። እናታችን ቡና እየቆላች «መምህር ካለ አለቀ» አለች። እኔ መሀል ላይ ቀረሁ።

ነገሩ የከነከነኝ ደግሞ ያንን ወርክሺት ያባዛሁት እኔ ስለሆንኩ ነው። 60 ኮፒ። ስህተት ካለበት እጄ አለበት።

ማን ነው ልክ?

ሐይቅ_ዳር (ሐይቅ) · ሐሙስ ማታ 2፡31

ወንድሜ፣ ይሄ ቀላል ነው። ፔሪዮዲክ ቴብል ላይ መዳብ ያለበትን ሣጥን እይ፣ ሁለት ቁጥር አለ። አንዱ 29 ነው፣ የአቶም ቁጥሩ። ፕሮቶኑ እሱ ነው። አቶሙ ቻርጅ ከሌለው ኤሌክትሮኑም ያው 29 ነው። ሌላው ቁጥር 63.55 ነው። አጠጋጋው፣ 64 ይሆናል። ከ64 ላይ 29 ስትቀንስ 35።

መምህሩ ልክ ናቸው። እህትህ ለእናትህ ቡና ትውቀጥላት።

ባለ_ወፍጮ (ኩታበር) · ሐሙስ ማታ 2፡40

እኔ የምለው፣ አቶሙን ማን ከፍቶ ቆጠረው? እኛ አንድ ኩንታል ጤፍ ላይ እንኳ ሚዛኑ አላስማማን ብሎ ስንጨቃጨቅ ነው የምንውለው።

የቦርከና_ኬሚስት (ኮምቦልቻ) · ሐሙስ ማታ 3፡05

ሐይቅ ዳር፣ መንገድህ እስከ ግማሹ ደህና ነው። ከዚያ ወዲያ ገደል ነው።

ፕሮቶኑ 29 ነው፣ ክርክር የለውም። 28 ቢሆን ኒኬል ይሆናል፣ 30 ቢሆን ዚንክ ይሆናል። ኤሌክትሮኑም 29 ነው፣ ቻርጅ እስከሌለው ድረስ። ጣጣው ያለው 63.55 ላይ ነው። ያ ቁጥር የአንድ አቶም ክብደት አይደለም። የብዙ አቶሞች አማካይ ነው።

ባቲ የሰኞ ገበያ ወርደህ አራት በግ ገዛህ እንበል። ሦስቱ እያንዳንዳቸው 35 ኪሎ ናቸው፣ አንዱ 37። አማካያቸው 35.5 ይመጣል። አሁን አንድ ሰው መጥቶ «የአንተ በግ 35.5 ነው፣ ሲጠጋጋ 36 ነው፣ ባለ 36ቱን በግ አውጣልኝ» ቢልህ ምን ታወጣለታለህ? ባለ 36 ኪሎ በግ አልገዛህማ!

እነዚህን በጎች ዝም ብዬ አልመረጥኳቸውም። ክሎሪን ናቸው። ክሎሪን በተፈጥሮ ሁለት ዓይነት አቶም አለው፣ ክሎሪን-35 እና ክሎሪን-37። ከስሙ ኋላ ያለው ቁጥር የፕሮቶኑና የኒውትሮኑ ድምር ነው። ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ባለ 35 ነው። ሠንጠረዡ ላይ 35.45 የሚለው ለዚህ ነው።

መዳብም እንደዚያው ነው። 69 ከመቶ ገደማው መዳብ-63 ነው፣ 31 ከመቶው መዳብ-65። ትክክለኛ ክብደታቸው 62.93 እና 64.93 ነው። ካልኩሌተር ካለህ 0.69 በ62.93 አባዛ፣ 0.31 በ64.93 አባዛ፣ ደምር። 63.55 ይወጣልሃል። ወላሂ ሞክረው፣ ሲወጣ ደስ ይላል።

ስለዚህ ኒውትሮኑ? የመዳብ-63ቱ 63 ሲቀነስ 29፣ 34። የመዳብ-65ቱ 65 ሲቀነስ 29፣ 36። 35 ኒውትሮን ያለው ደግሞ መዳብ-64 መሆኑ ነው። እሱ በሰው እጅ ይሠራል እንጂ ከማዕድን ጉድጓድ አይወጣም። ጨረር እየለቀቀ በ12.7 ሰዓት ግማሹ ያልቃል። ሆስፒታሎች ለምርመራ ምስል ይጠቀሙበታል።

ከሦስቱ መልሶች ውስጥ በተፈጥሮ የሌለውን መርጠው ነው እንግዲህ ልክ ያሉት።

ሐይቅ_ዳር (ሐይቅ) · ሐሙስ ማታ 3፡20

ቆይ ቆይ። እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ በዚህ መንገድ ሁሌ ይመጣልኝ ነበር። ሶዲየም 22.99፣ ተጠጋግቶ 23፣ ሲቀነስ 11፣ 12። መጽሐፉም 12 ይላል። አሉሚኒየም 26.98፣ 27፣ ሲቀነስ 13፣ 14። ይኸው ልክ ነው። መዳብ ላይ ሲደርስ ለምን ይከዳኛል?

የቦርከና_ኬሚስት (ኮምቦልቻ) · ሐሙስ ማታ 3፡34

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ጋ ነው። ሶዲየምና አሉሚኒየም በተፈጥሮ አንድ አንድ ዓይነት ብቻ ናቸው። ፍሎሪን፣ ፎስፈረስ፣ አዮዲንም እንደዚሁ። መንጋው በሙሉ አንድ ክብደት ከሆነ አማካዩም ያው ነው፣ ብታጠጋጋው አትሳሳትም። 22.99 ልክ 23 ያልሆነው በሌላ ምክንያት ነው። ፕሮቶንና ኒውትሮን ተጣብቀው ኒውክለስ (የአቶሙን እምብርት) ሲሠሩ ከክብደታቸው ትንሽ በጉልበት መልክ ይወጣል።

መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች ለምሳሌ የሚመርጡት እነዚህን ነው። ተማሪው መንገዱን ሕግ አድርጎ ይይዘዋል። ከዚያ መዳብ ይመጣል። ብሮሚን ይመጣል። ብሮሚን 79.90 ነው፣ ስታጠጋጋው 80፣ ሲቀነስ 35፣ 45 ኒውትሮን ትላለህ። ተፈጥሮ ውስጥ ያለው ግን ብሮሚን-79 እና ብሮሚን-81 ነው፣ ግማሽ በግማሽ ሊባል ይችላል። 44 ወይም 46 ነው።

ለእኔ ጥፋቱ የጥያቄው ነው። «መዳብ» ብሎ ኒውትሮን መጠየቅ «የደሴ ሰው ስንት ልጅ አለው» ብሎ እንደመጠየቅ ነው። መዳብ-63 ወይም መዳብ-65 ብሎ መጻፍ ነበረበት።

የጦሳ_ጥላ (ደሴ) · ሐሙስ ማታ 3፡41

ኧረ እህቴ ልክ ነበረች በሉኛ! ስልኩን ልስጣት፣ ራሷ ታንብብ።

የዘጠነኛዋ (ደሴ) · ሐሙስ ማታ 3፡52

ሰላም። እኔ ነኝ። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ይስቃል።

እውነቱን ልንገራችሁ? 34 ያልኩት ይሄን ሁሉ አውቄ አይደለም። 63.55 ሲል ከነጥቡ በኋላ ያለውን ቆርጬ ጣልኩት። 63 ሲቀነስ 29፣ 34። አለቀ። ማጠጋጋት የሚባለውን ረስቼው ነው።

ሌላም አለ። ቁጥር 7 ላይ «ብረት-56፣ ቻርጁ +3» ይላል። እኔ ፕሮቶን 26፣ ኒውትሮን 30፣ ኤሌክትሮን 29 ብዬ 29ኙን ስህተት አሉኝ። +3 ነው እኮ የሚለው። ፕላስ ማለት መደመር አይደለም?

ባለ_ወፍጮ (ኩታበር) · ሐሙስ ማታ 3፡55

ሃሃሃ። በስህተት መንገድ ሄዳ ልክ ቤት ገባች። መምህሩ በልክ መንገድ ሄደው ስህተት ቤት ገቡ።

ሒሳብ_ያዥ (ወልድያ) · ሐሙስ ማታ 4፡10

አብሽሪ እህቴ፣ እኔንም ያችው ጥያቄ ናት የጣለችኝ። እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ልንገርሽ።

ፕሮቶን እጅሽ ላይ ያለ ብር ነው። ኤሌክትሮን ዕዳ ነው። ብረት 26 ብር አለው፣ 26 ብር ደግሞ ዕዳ አለበት። ሲጣፋ ዜሮ። ቻርጅ የለውም የሚሉት ይሄንን ነው። አሁን +3 ሆነ ማለት ሦስት ብር ተረፈው ማለት ነው። ከየት መጣ? ብር አልተጨመረለትም፣ ፕሮቶን በኬሚስትሪ አይነካም። የተረፈው ሦስት ዕዳ ስለተነሳለት ነው። ስለዚህ ዕዳው 26 ሲቀነስ 3፣ 23 ሆነ። ኤሌክትሮኑ 23 ነው።

ማይነስ ሲመጣ ግልብጡ ነው። ሰልፈር 16 ፕሮቶን አለው። −2 ከሆነ ሁለት ዕዳ ጨምሯል፣ ኤሌክትሮኑ 18።

አንቺ ማታ ወጥ ላይ የምትነሰንሺው የአፍዴራ ጨውም እንደዚሁ ነው። ሶዲየሙ 11 ፕሮቶንና 10 ኤሌክትሮን አለው፣ ክሎሪኑ 17 ፕሮቶንና 18 ኤሌክትሮን። አንዱ የጣለውን ዕዳ ሌላው አነሳው። ጠቅላላ ሒሳቡ ተዘጋ።

ኒውትሮን ከዚህ ሁሉ የለበትም። ብርም አይደለም፣ ዕዳም አይደለም። ሚዛን ላይ ብቻ ነው የምታገኚው።

የዘጠነኛዋ (ደሴ) · ሐሙስ ማታ 4፡18

እሺ ዕዳ ብዬ ስይዘው ገባኝ። ቲቸር «ሉዝ አደረገ፣ ጌይን አደረገ» ሲሉ ነው የሚጠፋብኝ።

ጡረተኛው_መምህር (ወልድያ) · ዓርብ ጠዋት 1፡20

እንደምን አደራችሁ። ማታ ቀድሜ ተኝቼ ነው። ጨዋታው ደስ ብሎኛል። የኩታበሩ ልጅ «ማን ከፍቶ ቆጠረው» ያልከው ሳይመለስ አለፈ፣ ከሁሉም የሚሻለው ጥያቄ ግን እሱ ነበር።

ማንም አልከፈተውም። ድሮ ንጥረ ነገሮችን በክብደት ነበር የሚደረድሯቸው። ቀላሉ ይቀድማል፣ ከባዱ ይከተላል። ግን የማይሄድ ነገር ነበረ። አዮዲን 126.9 ነው፣ ቴሉሪየም 127.6። በክብደት ከሆነ አዮዲን መቅደም አለበት። ጠባዩ ግን ከክሎሪንና ከብሮሚን ወገን ነው፣ ከቴሉሪየም ኋላ ካልሆነ ዘመዶቹን አያገኝም። አርጎንና ፖታሲየምም እንደዚያው ናቸው። አርጎን 39.95፣ ፖታሲየም 39.10። ከባዱ ነው የቀደመው።

እ.ኤ.አ. በ1913 ሞዝሊ የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ ብረታ ብረቶቹን አንድ በአንድ በኤሌክትሮን እየመታ የሚወጣውን ኤክስሬይ ለካ። ከአንዱ ንጥረ ነገር ወደሚቀጥለው ሲሄድ የኤክስሬዩ ድግግሞሽ ስኩዌር ሩት እንደ ደረጃ እኩል እኩል ይወጣል። አንድ ደረጃ፣ አንድ ፕሮቶን። ቴሉሪየም 52ኛ ደረጃ ላይ፣ አዮዲን 53ኛ ላይ ተቀመጡ። ማን ይቀድማል የሚለው ክርክር አበቃ። 43ኛ፣ 61ኛ እና 75ኛ ደረጃ ላይ ማንም የማያውቃቸው ንጥረ ነገሮች መኖር እንዳለባቸውም ያኔ ነው የታየው። በኋላ ሁሉም ተገኙ። ሞዝሊ ግን አላያቸውም። በ1915 ጋሊፖሊ ላይ በጦርነት ሞተ። 27 ዓመቱ ነበር። ይህን ነገር ለሰላሳ ዓመት አስተምሬዋለሁ፣ እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌ ጠመኔውን አስቀምጥ ነበር።

ኒውትሮን ደግሞ እስከ 1932 ድረስ ስም እንጂ ማስረጃ አልነበረውም። ቻድዊክ ነው ያገኘው። ሒሳብ ያዥ እንዳለችው ቻርጅ የለውም፣ ስለዚህ ለመያዝ ያስቸግራል። ዛሬም ቢሆን በወርክሺት ላይ ኒውትሮንን የምናገኘው በመቀነስ ነው።

አንድ የቅርባችንን ነገር ልጨምር። ድንቅነሽ ኅዳር 1967 ሐዳር ስትገኝ ቦታው በያኔው አጠራር ወሎ ክፍለ ሀገር ነበር። ዕድሜዋን 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያሉት አጥንቷን መዝነው አይደለም። አጠገቧ የነበረውን የእሳተ ገሞራ አመድ ነው የመረመሩት። አመዱ ውስጥ ፖታሲየም-40 አለ፣ 19 ፕሮቶንና 21 ኒውትሮን። ከነዚህ አቶሞች አንዳንዱ አንድ ፕሮቶኑ ኤሌክትሮን ይውጥና ኒውትሮን ይሆናል። እህታችን፣ አሁን ስንት ስንት ሆነ? ስሙስ ማን ሆነ?

የዘጠነኛዋ (ደሴ) · ዓርብ ጠዋት 1፡48

ጋሼ እንደምን አደሩ። ፕሮቶኑ 18፣ ኒውትሮኑ 22። ድምሩ ያው 40። 18 ቁጥር... አርጎን! አርጎን-40።

ጡረተኛው_መምህር (ወልድያ) · ዓርብ ጠዋት 1፡55

ተባረኪ። ድንጋይ ውስጥ የታሰረውን አርጎን ይለካሉ፣ ከፖታሲየሙ ጋር ያስተያዩታል፣ ዓመቱ ይወጣል። አብዛኛው ፖታሲየም-40 ግን በሌላ መንገድ ሄዶ ካልሲየም-40 ነው የሚሆነው። እሱንስ?

የዘጠነኛዋ (ደሴ) · ዓርብ ጠዋት 1፡59

ካልሲየም 20 ነው። 20 እና 20። ክላስ ሊገባ ነው፣ ቻው።

የጦሳ_ጥላ (ደሴ) · ቅዳሜ ቀን 9፡30

አንድ ነገር ላውራችሁ። አያታችን ጠገራ ብር አላት፣ ማርትሬዛውን። በክር ታስሮ ሣጥን ውስጥ የሚኖር ነው። ይቺ ልጅ ዛሬ አውጪልኝ ብላ አስቸገረቻት። አያቴ መጀመሪያ ልትሸጠው መስሏት ደነገጠች። ከዚያ ነጠላዋ ላይ ዘረጋችላት። ሴትዮዋ ያለችበት ፊት ከመነካካት ብዛት ልሟል። 1780 የሚለው ግን አሁንም ይነበባል። ልጅቷ ምን ትላለች? «አያቴ፣ ይሄ ውስጥ ስንት ኒውትሮን እንዳለ ታውቂያለሽ?»

የቦርከና ኬሚስት፣ እስቲ ስለ ብር ንገራት።

የቦርከና_ኬሚስት (ኮምቦልቻ) · ቅዳሜ ቀን 9፡52

ማሻአላህ! ለዚህ ጥያቄ ከማርትሬዛ የተሻለ አይገኝም። 28 ግራም ገደማ ይመዝናል። 83 ከመቶው ብር ነው፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ። ያ ጠበኛው መዳብ አያትሽ ሣጥን ውስጥም አለ ማለት ነው።

ብር የአቶም ቁጥሩ 47 ነው። ሠንጠረዡ 107.87 ይላል። አታጠጋጊው! ያሉት ዓይነቶች ብር-107 እና ብር-109 ናቸው። 52 ከመቶ እና 48 ከመቶ ገደማ። ሥሪው።

የዘጠነኛዋ (ደሴ) · ቅዳሜ ቀን 10፡04

107 ሲቀነስ 47፣ 60። 109 ሲቀነስ 47፣ 62። ባጠጋጋው 108 ሆኖ 61 ይመጣ ነበር። 61 የለም አይደል?

የቦርከና_ኬሚስት (ኮምቦልቻ) · ቅዳሜ ቀን 10፡06

በአያትሽ ሣጥን ውስጥ የለም። ሁለቱም ግን ፕሮቶናቸው 47፣ ኤሌክትሮናቸው 47 ነው። ለዚህ ነው አንጥረኛው ሲያቀልጠው ልዩነታቸውን የማያየው። ኬሚስትሪውን የሚሠራው ኤሌክትሮኑ ነው።

ሐይቅ_ዳር (ሐይቅ) · ቅዳሜ ማታ 1፡15

እጅ ሰጥቻለሁ። ስንት ልጅ በዚህ መንገድ እንዳስጠናሁ ብቻ አትጠይቁኝ።

የጦሳ_ጥላ (ደሴ) · ማክሰኞ ማታ 2፡20

ወሬውን ልጨርስላችሁ። ትናንት ይሄን ክር ለመምህሩ በስልኳ አሳየቻቸው። እኔ የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው አነበቡት አለች። ጥያቄውን ከድሮ ሀንድአውት እንዳለ ገልብጠውት ኖሯል። ለሷም ሙሉ ማርኩን መለሱላት። ያኔ ዝም ብትል ምን አለበት? «ቲቸር፣ እኔ ግን ነጥቧን ቆርጬ ነው» አለቻቸው። ግማሹን መልሰው ወሰዱባት።

ዛሬ ደግሞ አዲሱን ወርክሺት ይዘው ራሳቸው ሱቅ መጡ። መዳብ ከሚለው ራስጌ በእስክሪብቶ ትንሽዬ 63 ጽፈውበታል። 60 ኮፒ አወጣሁ። ሒሳብ አልቀበልም ብል እምቢ አሉ።

ከሰዓት በኋላ አንዱ ተማሪ ወረቀቱን ይዞ መጣ። «39 ኒውትሮን መጣልኝ፣ ልክ ነው?» ይለኛል። አየሁት። ማሽኔ 3ቷን አደናብሯት 8 መስላለች። መዳብ-68 ሆኗል። ስንቱ ወረቀት እንደዚያ እንደወጣ እንጃ።

የቦርከና_ኬሚስት (ኮምቦልቻ) · ማክሰኞ ማታ 2፡33

መዳብ-68 በላቦራቶሪ አለ። ግማሹ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ልጁ 39 ማለቱ ልክ ነው፣ ማርኩን እንዳይነፍጉት።

ባለ_ወፍጮ (ኩታበር) · ማክሰኞ ማታ 2፡35

ቶነር ግዛ።